ከአንዲት ፊደል የተነሣ



ባለፈው ዓመት አንዲት እናት አንድ ወረቀት ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው በአንዱ የባሕረ ሰላጤ አገር ትኖራለች። ኒካሕ ሊታሰር ቀን ተቆርጦ ሳለ እሷም እጮኛዋም ደማቸውን ተመርምረው ኖሮ ውጤቱን በስልክ ልካላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው አሳትመውታል። ወደ እኔ የመጡት ዐረብኛውን እንዳነብላቸው ነበር። በሁለቱም ልጆች ስም ትይዩ «ሄሞግሎቢን ኤ ኤስ፣ ተሸካሚ» ይላል። አነበብኩላቸው። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን በዐረብኛ እውቀት የሚመለስ አልነበረም። «ኡስታዝ፣ ይህ ከማን ወገን የመጣ ጥፋት ነው? የልጁ እናት ከእናንተ ዘር ነው ብላኛለች» አሉኝ።

በዚያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። «እትዬ፣ ወረቀቱ የሁለቱንም ስም ነው የሚጠራው» አልኳቸው። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ደም ታሪክ ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩትም ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚድር ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ታሪኩ በጽሑፍ የሚጀምረው በአንድ ስደተኛ ተማሪ ነው። ዋልተር ክሌመንት ኖኤል ይባላል። ግሬናዳ ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የጥርስ ሕክምና ሊማር በ1904 ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በቺካጎ ብርድ፣ ደረቱን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ኤርነስት አይረንስ የተባለ ወጣት ሐኪም ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቀያዮቹ የደም ሕዋሳት እንደ ወትሮው ክብ አልነበሩም። ቀጥነው፣ ረዝመውና ጎብጠው ማጭድ መስለው አገኛቸው። አለቃው ዶክተር ጄምስ ሄሪክም ነገሩን ሲከታተል ቆይቶ በ1910 ጽፎ አወጣው። በጽሑፉ ውስጥ የተማሪው ስም አልተጠቀሰም። ኖኤል ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ጥርስ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ቆይቶም በ1916 በሳምባ ምች ሞተ። ዕድሜው ገና 32 ዓመት ነበር። በሽታው «የማጭድ ሕዋስ ደም ማነስ» የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከሞተ በኋላ፣ በ1922 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መጻሕፍቱ በሽታው በ1910 «ተገኘ» ይላሉ። ለምዕራብ አፍሪካ እናቶች ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ፌሊክስ ኮኖቴ-አሁሉ የተባሉት የጋና ሐኪም በገዛ ቤተሰባቸው ውስጥ ይህን ሕመም ትውልድ በትውልድ እየቆጠሩ እስከ 1670 ድረስ ወደ ኋላ ተከታትለውታል። ሕዝቡ በየቋንቋው ለመገጣጠሚያ ቁርጥማቱ ስም ነበረው። ያልነበረው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

ሕዋሱ ለምን ማጭድ ይሆናል? ቀይ የደም ሕዋስ ውስጡ ጢም ብሎ የተሞላው ሄሞግሎቢን በሚባል ፕሮቲን ነው። ሄሞግሎቢን ከሳምባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርስ ነው። በ1927 ሃን እና ጊለስፒ የተባሉ ሐኪሞች የታማሚው ሕዋስ ማጭድ የሚሆነው ኦክስጅን ሲያጣ እንደሆነ፣ ኦክስጅን ሲመለስለት ደግሞ መልሶ ክብ እንደሚሆን አሳዩ። ይህን ወሬ በ1945 ዊሊያም ካስል ከተባለ ሐኪም የሰማው ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፖውሊንግ፣ ሕመሙ የሕዋሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው የሄሞግሎቢን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ይህንንም አጣርቶ እንዲያረጋግጥ ሥራውን ለሃርቪ ኢታኖ ሰጠው።

ኢታኖ ማን ነበር? በካሊፎርኒያ የተወለደ የጃፓናውያን ልጅ ነው። በ1942 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዓመቱ አንደኛ ተማሪ ተብሎ ሜዳልያ ሲሸለም በአዳራሹ አልነበረም። በጦርነቱ ምክንያት የጃፓን ዘር ያላቸው ብዙ አሜሪካውያን ተግዘው ስለነበር እሱም ከእነርሱ ጋር ካምፕ ውስጥ ታጉሮ ነበር። በዘሩ ምክንያት የታሰረው ይህ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ዘር በሽታ ትልቅ ነገር ያገኘው። እሱና ጓደኞቹ የጤነኛውንና የታማሚውን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቢያስሮጧቸው በአንድ ፍጥነት አልሄዱም። ስለዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ባሕርዩ ኖሯቸው በሽታው የሌለባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ተገኘ። ይህ በኅዳር 1949 ታተመ። በሰው ልጅ ላይ የሚታይ በሽታ በአንዲት ሞለኪውል መበላሸት እንደሚመጣ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ዓመት ጄምስ ኒል የተባለው የሚሺጋን ሊቅ የውርሱን ሕግ አስቀመጠ። የታመመው ልጅ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ወርሷል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው «ተሸካሚ» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን በጤና ይኖራል። እንግዲህ የእኚያ እናት ጥያቄ ገና በ1949 ተመልሶ ነበር ማለት ነው። ልጅ በዚህ በሽታ የሚታመመው ከሁለቱም ወገን ሲቀበል እንጂ ከአንድ ወገን አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሄሞግሎቢኖች የሚለያዩት በምን ነው? ይህን ለመረዳት ሰውነታችን ፕሮቲንን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ለራሴ የተረዳሁት በቁርአን ቤት ሥርዓት ነው። በልጅነታችን ትልቁ ኪታብ ከሸኹ ቤት አይወጣም ነበር። ደረሳው ቁጭ ብሎ የዕለቱን ክፍል ብቻ በሉሑ ላይ ይገለብጣል፤ ሉሑን ይዞ ሄዶ ያነባል፣ ያጠናል። ሲያበቃ ሉሑ ይታጠባል፤ ለነገ ሌላ ይጻፍበታል። በሕዋሳችንም ውስጥ እንዲሁ ነው። ዲ ኤን ኤ ትልቁ መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ተጽፈውበት በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይቀመጣል። ዘረ-መል የምንለው ከመጽሐፉ አንዱ ምዕራፍ ነው። ፕሮቲን ሲያስፈልግ ያ ምዕራፍ አር ኤን ኤ በሚባል ሉሕ ላይ ይገለበጣል፤ ሉሑ ከአስኳሉ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው ማሽን ይሄዳል፤ ራይቦዞሙም እያነበበ ፕሮቲኑን ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ አር ኤን ኤው ይፈርሳል። የዚህ መልእክተኛ መኖር በ1961 በሙከራ ተረጋገጠ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ይኸው መጽሐፍ በዓይናችን ሕዋስም፣ በጉበታችንም፣ በቆዳችንም ውስጥ ሙሉው አለ። ዓይን ግን የሄሞግሎቢንን ምዕራፍ አይገልጥም። የሚገልጠው በመቅኒ ውስጥ ያለው የደም ሕዋስ እናት ብቻ ነው። ሕዋስ ከሕዋስ የሚለየው በያዘው መጽሐፍ ሳይሆን በሚያነበው ምዕራፍ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መጽሐፉ የተጻፈው ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በተባሉ አራት ፊደላት ብቻ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ የሚሠራ ነው። አራት ፊደል እንዴት ሃያውን ይጠራል? ፊደላቱ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይነበባሉ፤ በዚህ ሁኔታ ስድሳ አራት ቃላት ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ቃል የፈታው ሃይንሪሽ ማቴይ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በግንቦት 1961 አሜሪካ ውስጥ በማርሻል ኒረንበርግ ቤተ ሙከራ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ አንድ ፊደል ብቻ እየተደጋገመ የተጻፈበትን አር ኤን ኤ ቢሰጠው ማሽኑ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ ብቻ እየደረደረ አወጣ። ከዚያ ሩጫው ቀጠለ። በዛሬይቱ ፓኪስታን፣ በአንዲት የፑንጃብ መንደር የተወለደው ሃር ጎቢንድ ኮራናም ከፈቺዎቹ አንዱ ነው። በ1966 መዝገበ ቃላቱ ሞላ። ስድሳ አንዱ ቃላት አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፤ ሦስቱ ደግሞ እንደ አራት ነጥባችን «እዚህ ላይ አቁም» የሚሉ ናቸው።

የግልበጣ ስሕተት፣ ማለትም ሚውቴሽን የሚሉት፣ በእኛው ፊደል ቢመሰል ይገባል። «ሐኪም» የሚለውን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ቢጽፈው ስናነበው ያው ነው። በዲ ኤን ኤም ፊደሉ ተለውጦ አሚኖ አሲዱ የማይለወጥበት ብዙ ጊዜ አለ። «ቀለም» ለማለት «ቀለብ» ብንጽፍ ግን አንድ ፊደል ነው የተለወጠው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። አራት ነጥብ በዐረፍተ ነገሩ መካከል ቢገባ ደግሞ ወሬው ተቆርጦ ይቀራል። በሜዲትራኒያን አካባቢ በብዛት ከሚታየው የታላሴሚያ ደም ማነስ አንዱ ዓይነት የሚመጣው እንዲህ ያለ ነጥብ በሠላሳ ዘጠነኛው ቃል ላይ ስለገባ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ፊደል ሲጎድል ነው። «አባት ልጁን መከረ» የሚለውን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረጋችሁ አንብቡ። አሁን «ባ»ን አውጡና እንደገና ሦስት ሦስቱን አንብቡ፦ «አትል ጁንመ ከረ»። የጎደለው አንድ ፊደል ነው፤ የተበላሸው ግን ከእሱ በኋላ ያለው በሙሉ ነው።

አሁን ወደ ማጭዱ እንመለስ። ቨርነን ኢንግራም በጀርመን አገር ተወልዶ በ1938 ከናዚዎች ግፍ ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ የገባ ሰው ነው። ሃምሳዎቹ ላይ በካምብሪጅ ሲሠራ ሁለቱን ሄሞግሎቢኖች ወስዶ ፕሮቲንን በሚቆርጥ ኢንዛይም ሠላሳ ያህል ቦታ ከታተፋቸው። ቁርጥራጩን በወረቀት ላይ በአንድ አቅጣጫ በኤሌክትሪክ፣ በሌላው አቅጣጫ በፈሳሽ እያስኬደ ዘረጋው። ወረቀቱ ላይ እንደ ጣት አሻራ ነጠብጣቦች ታዩ። የጤነኛውንና የታማሚውን ጎን ለጎን ቢያስተያይ ሁሉም ነጠብጣብ አንድ ነው፤ አንዷ ብቻ ቦታዋን ለቃለች። ይህን በ1956 አሳወቀ። በ1957 ያችን ቁራጭ ፈታትቶ ግሉታሚክ አሲድ መኖር በነበረበት ቦታ ቫሊን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ገብቶ እንዳገኘ ጻፈ።

ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። እያንዳንዱ ቤታ 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስሕተቱ ያለው ስድስተኛው ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «ጂ ኤ ጂ» የነበረው «ጂ ቲ ጂ» ሆኗል። አንዲት «ኤ» በ«ቲ» ተተካች፤ ይኸው ነው። የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ውሃ የሚወድ ነበር። የተተካው ግን ከውሃ የሚሸሽ ቅባታም ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ባራገፈ ቁጥር ይህ ቅባታም ቦታ ከጎረቤቱ ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ያም ከሌላው ጋር፤ እንዲህ እያለ ረጅም ገመድ ይሆንና ሕዋሱን ከውስጥ ወጥሮ ማጭድ ያደርገዋል። ማጭዱ በቀጭን የደም ሥር ማለፍ ያቅተዋል፤ ይዘጋል። ሕፃኑ በሌሊት እጄን፣ እግሬን እያለ የሚጮኸው ከዚህ የተነሣ ነው። መቶ ሃያ ቀን ያህል መኖር የነበረበት ሕዋስም በአሥር፣ በሃያ ቀን ይሞታል፤ ደም ያንሳል። ቡዳ አይደለም፤ የእናቲቱ ጡትም አይደለም።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ጎጂ ስሕተት በብዙ ሰው ላይ እንዴት ተስፋፋ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። መልሱን ያገኘው በኬንያ ያደገው አንቶኒ አሊሰን ነው። በ1949 ኬንያን እየዞረ ደም ሲሰበስብ በባሕሩ ዳርና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ካሉት ሰዎች ተሸካሚዎቹ ከመቶ ሃያ የሚያልፉበት አካባቢ አገኘ። በደጋው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ቆላውና ደጋው በምን ይለያያሉ? ይህን ለማወቅ የእኛን አገር ሰው መጠየቅ በበቃ ነበር። በወባ ነው! በ1954 እንዳሳተመው አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ልጅ ገዳዩን ወባ ከሌላው ልጅ በተሻለ ይቋቋማል። እንግዲህ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት የተለወጠችው ያች ፊደል በቆላው ስንቱን ሕፃን ከሞት አትርፋለች፤ የተረፉትም አድገው ለልጆቻቸው አወረሷት። በአፍሪካ ብቻም አይደለም። በምሥራቅ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተምር ዛፍና ምንጭ በሞላባቸው በአል-አሕሳና በቀጢፍ ወባ ከጥንት ጀምሮ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር፤ ያች ፊደል እዚያም በብዛት ትገኛለች።

ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡት። በ1948 ጃኔት ዋትሰን የተባለች የኒው ዮርክ ሐኪም ሕመሙ በአራስ ልጅ ላይ እንደማይታይ አስተውላ ነበር። ምክንያቱም በማኅፀን ያለ ሕፃን የሚጠቀመው ሌላ ሄሞግሎቢን ነው። የሚጻፈው ከሌላ ምዕራፍ ነው፤ ያ ምዕራፍ ስሕተት የለበትም። ከተወለደ በኋላ ባሉት ወራት ግን ያ ምዕራፍ ቀስ በቀስ ይዘጋና የቤታው ይከፈታል። በሰባዎቹ ዓመታት በዟህራን የነበሩ ሐኪሞች የምሥራቅ ሳዑዲ ሕሙማን ሕመማቸው ከሌሎች ቀለል የሚለው ለምን እንደሆነ ሲያጠኑ፣ የሕፃንነት ሄሞግሎቢናቸው ካደጉም በኋላ በርከት ብሎ እንደሚቀር አገኙ። ምዕራፉ እነሱ ዘንድ በደንብ አልተዘጋም! በ2008 ደግሞ የመዝጊያው ቁልፍ የሆነ ሌላ ፕሮቲን ቦስተን ውስጥ ታወቀ።

ሕክምናውም የመጣው በዚሁ በር ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው እንክብል የሕፃንነቱን ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚያደርግ በአሜሪካ በ1998 ለዚህ በሽታ ተፈቀደ። ዋጋው ብዙ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2023 ደግሞ እንግሊዝና አሜሪካ ካስጄቪ የተባለውን ሕክምና ፈቀዱ፤ ባሕሬንና ሳዑዲ ዐረቢያም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። የታማሚው መቅኒ ሕዋሳት ወጥተው ያ መዝጊያ በደም ሕዋስ ውስጥ እንዳይሠራ ተደርጎ ይቆረጥና ሕዋሳቱ ወደ ሰውነት ይመለሳሉ። የተሳሳተችዋን ፊደል ማንም አልነካትም፤ የተደረገው የተዘጋውን ምዕራፍ መክፈት ነው። የአሜሪካ ዋጋው ግን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህን ለእኚያ እናት ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። እውነታቸውን ነው።

ለብዙው ቤተሰብ ቀርቦ የሚገኘው ከኒካሕ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ይህን በ2004 ግዴታ አድርጋለች። ወረቀቱ ተጋቡም አትጋቡም አይልም፤ ውሳኔው የሁለቱ ነው። የሚለው ይህን ነው፦ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ይታመማል፤ ከአራት ሁለት እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ደግሞ ከሁለቱም ነፃ ይሆናል። «በእያንዳንዱ እርግዝና» የሚለውን አስምሩበት። «አንዱ ታሟል፤ እንግዲህ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደኅና ናቸው» የሚል አባት አጋጥሞኛል። ዕጣው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚጣለው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተሸካሚ ቢሆን ኖሮ በዚህች ፊደል በሁለት ቅጂ የሚታመም ልጅ አይጠበቅም ነበር።

እናትየው ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጆቹ ሐኪም አነጋግረው ገና እየመከሩ ነው አሉኝ፤ እኔም የቤታቸው ጉዳይ ነውና አላጠበቅሁም። የመጡበት ሌላ ነበር። «ኡስታዝ፣ ያን ከአራት አንድ ያልከኝን፣ ከሁለቱም ወገን ነው ያልከኝንም በዐረብኛ ጻፍልኝ፤ ለልጁ እናት እልከዋለሁ» አሉኝ። ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩላቸው። አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት።